መኪናዬ ጠዋት አልነሳ አለኝ፤ ባትሪ ልቀይር? ዕቃ ከመግዛት በፊት የኤሌክትሪክ ብልሽትን ለይቶ ማግኛ

ደሴ ላይ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለሚተዳደር ሰው፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ያለው ጠዋት የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «መኪናዬ አልነሳ አለኝ፤ ባትሪ ልቀይር?» አንዳንዱ ደግሞ ከቀየረ በኋላ ይደውልና «አዲስ ባትሪ ገዝቼም ያው ነው» ይላል። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ከመቀየርዎ በፊት ይለኩ። ባትሪ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው)፣ ካቦ (ወፍራሙ ገመድ)፣ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር)፣ ሪሌ (በትንሽ ፍሰት ትልቁን የሚያገናኝ ስዊች) እና የማስነሻ ቁልፍ በአንድ መስመር ላይ የተሰለፉ በመሆናቸው ከመካከላቸው አንዱ ሲጎድል ውጤቱ ለአሽከርካሪው አንድ ዓይነት ይመስለዋል፤ በመልቲሜትር ሲለካ ግን እያንዳንዱ ጉድለት የራሱን ቁጥር ያሳያል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው እንደ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስና ዶልፊን ላሉ ባለ 12 ቮልት መኪናዎች ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ዲጂታል መልቲሜትር። ቀጥተኛ ቮልትን እስከ 20፣ እንዲሁም ኦምንና እስከ 10 አምፔር የሚደርስ ፍሰትን የሚለካ ከሆነ ርካሹም ይበቃል።
• 10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ።
• የሽቦ ብሩሽ ወይም ብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ።
• ቫዝሊን ወይም ግራሶ።
• የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር።
• ወፍራም የባትሪ ማበደሪያ ካቦ። ጣት ያህል የወፈረ መስሎ ውስጡ ግን በአብዛኛው ፕላስቲክ የሆነ ካቦ በገበያ ላይ ስላለ፣ ሲገዙ ጫፉን ገልጠው የመዳቡን መጠን ይመልከቱ።
• ሁለት ታኮ ወይም ሁለት ደህና ድንጋይ።
• ቁልፉን የሚያዞርልዎ አንድ ሰው። ከዚህ በታች ካሉት ልኬቶች ዋነኞቹ የሚወሰዱት ቁልፉ ስታርት ላይ ተይዞ ባለበት ቅጽበት በመሆኑ ብቻዎን ሆነው አይሆንልዎትም።

ከመጀመርዎ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

በጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች እንደሚታየው መኪናዎ ያደረው ተዳፋት ላይ ከሆነ፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ጎማውን በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ ያድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይተዉት። በሙከራ መካከል ሞተሩ በድንገት ሊነሳ ስለሚችል፣ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ይገጫል።

ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ በቀላሉ የሚፈነዳ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በአጠገቡ ሲጋራ አያጭሱ፣ ክብሪት አይጫሩ፣ በጨለማም ውሃው መኖሩን ለማየት ላይተር አያብሩ። በውስጡ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ከነካዎት ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይጠቡ፤ ዓይንዎ ውስጥ ከገባም እየታጠቡ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ቀለበትዎንና የብረት ሰዓትዎንም ያውልቁ፤ በፖዘቲቩና በመኪናው አካል መካከል የገባ ቀለበት በቅጽበት ይግላል።

1. መጀመሪያ ያዳምጡ፣ ይመልከቱ

ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት የፊት መብራቱን አብርተው ብርሃኑ ፊት ለፊት ባለ ግድግዳ ወይም በር ላይ ሲያርፍ እያዩ ቁልፉን ወደ ስታርት ያዙሩ። የሚሰሙት ድምፅና የመብራቱ ሁኔታ አንድ ላይ ሆነው ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥሩልዎታል።

የዳሽቦርዱ መብራት ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ባትሪው ፈጽሞ ባዶ ሆኗል፣ ወይም የባትሪው ማሰሪያ ለቋል፣ ወይም ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል፤ ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ። ዳሽቦርዱ በርቶ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ፈጣን ድምፅ ከሰሙና መብራቱ እየደበዘዘ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ኃይሉ የሞተሪኖውን ማግኔት ለመሳብ በቅቶ ሞተሩን ለማዞር አልበቃም ማለት ነው። ይህ በአብዛኛው የደከመ ባትሪ ወይም የቆሸሸ ማሰሪያ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጧ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው፣ ወደ ወፍራሙ ካቦ ወይም ወደ ማሳው ያዘነብላል። መብራቱ ምንም ሳይደበዝዝ፣ ድምፅም ሳይሰማ ከቀረ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው የሄደ ፍሰት የለምና ደረጃ 2ን በአጭሩ ፈጽመው ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ሞተሩ እንደወትሮው በፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ባትሪውም ሞተሪኖውም ከጥርጣሬ ነፃ ናቸው፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ። ይህን እያየ ባትሪ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው።

2. ባትሪውን ባረፈበት ይለኩ

መልቲሜትሩን ቀጥተኛ ቮልት 20 ላይ አድርገው ቀዩን በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቩ ላይ ያሳርፉ። የመልቲሜትሩን ጫፍ የሚያሳርፉት ከባትሪው በወጣው የእርሳስ ራስ ላይ እንጂ በማሰሪያው ላይ እንዳይሆን፤ በዚህ ደረጃ የሚፈለገው የባትሪው የራሱ መጠን ነው።

መኪናው ከሥራ ከተመለሰ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ የሚነበበው 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል መሙላቱን ያሳያል። ከ11.8 በታች ከሆነ ባዶ ብለው ይቁጠሩት። ሞተሩ የጠፋው አሁን ከሆነ ግን ባትሪው በላዩ ላይ የያዘው ጊዜያዊ ሙላት ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው፣ የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብርተው ያጥፉና እንደገና ይለኩ። ይህን ያልጠበቀ ሰው 12.7 አንብቦ «ባትሪው ደህና ነው» ይልና ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው ቁጥር 10.5 አካባቢ ያለው ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ ያደረ ባትሪ 10.5 ላይ ቆሞ ከቀረ አንዱ ክፍል ሞቷል ማለት በመሆኑ፣ ከዚህ በኋላ ውሃ መጨመርም ሆነ ደግሞ ደጋግሞ ቻርጅ ማድረግ አያድነውም። ቀይሩ የምለው ይህን ባትሪ ነው።

ከኮምቦልቻ የሚመጡ ደንበኞች «ቤቴ በር ላይ ይነሳል፤ ደሴ ካደረ አይነሳም» ሲሉ ነገሩ የከፍታ ይመስላቸዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች በመሆኗ የሚለያቸው የሌሊቱ ብርድ ነው። ባትሪን የሚያስረጀው ሙቀት ነው፤ እርጅናውን የሚያጋልጠው ግን ብርድ ነው፤ ምክንያቱም በብርድ በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል፣ የሞተሩ ዘይትም ይወፍርና ሞተሪኖው የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በቂ የመሰለ ባትሪ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ባደረ በማግስቱ ሊያሳፍርዎ ይችላል።

ባትሪው ባዶ ሆኖ ካገኙትና ከሌላ መኪና መበደር ካለብዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀዩን ካቦ መጀመሪያ በባዶው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በአበዳሪው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን በአበዳሪው ኔጋቲቭ፣ መጨረሻውን ጫፍ ደግሞ በማይነሳው መኪና ሞተር ላይ ባለ ንጹሕ ብረት ላይ ያስሩ። የመጨረሻው ጫፍ ከባትሪው የሚርቀው፣ ሲነካ የሚፈነጥቀው እሳት ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ እንዳያገኝ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ያስነሱ፤ ሲፈቱም በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይፍቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ በመንገድ ላይ መጀመሪያ የሚቆምልዎ ብዙ ጊዜ የጭነት መኪና ነው። እንደ አይሱዙና ሲኖትራክ ያሉት ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ይህን በባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ማሰር የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል። የራስዎ መኪና ባለ 24 ቮልት ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ይለኩ፤ አንዱ 12.6 ሌላው 11.9 ሆኖ ድምሩ ብቻ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል።

3. ማሰሪያዎቹን ይፈትሹ፣ ያጽዱ

ማሰሪያውን በእጅዎ ለማዞር ይሞክሩ። በጣት ኃይል የሚንቀሳቀስ ማሰሪያ ሬዲዮና መብራት ያሠራል፤ ለሞተሪኖው ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም መብራቶቹ የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ሲሆን ሞተሪኖው ከ100 እስከ 200 አምፔር ሊስብ ይችላል። «መብራቱ እኮ ፏ ብሎ ይበራል፤ ባትሪው ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር የሚነሣው ይህን ካለማወቅ ነው።

ሲፈቱ ኔጋቲቩን ያስቀድሙ፤ ሲያስሩ ኔጋቲቩን በመጨረሻ ያስሩ። ፖዘቲቩን አስቀድመው ሲፈቱ የያዙት ቁልፍ የመኪናውን አካል ከነካ ባትሪው በቀጥታ ይያያዝና ቁልፉ ይግላል፣ እሳትም ይፈነጥቃል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገቱን በሶዳው ውሃ ያርጥቡ፤ አረፋው ሲቆም በውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ከዚያም የራሱንም የማሰሪያውን ውስጥም የሚያብረቀርቅ እርሳስ እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። የሶዳው ውሃ በባትሪው ክዳን በኩል ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ አሲዱን ያረክሰዋል። ቫዝሊኑ የሚቀባው ካጠበቁ በኋላ ከላይ ነው።

ማሰሪያው ሰፍቶ ከላላ ምስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ አይሸጉጡበት። የሚነካው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ይግላል፣ እርሳሱንም ይበላዋል። አዲስ ማሰሪያ መግዛት ከሁሉ ይረክሳል።

4. በጭነት ላይ ይለኩ

ባረፈበት 12.6 ያሳየ ባትሪ ሥራ ሲሰጠው ሊወድቅ ይችላል። መልቲሜትሩን በባትሪው ራሶች ላይ እንደያዙ ረዳትዎ ቁልፉን ወደ ስታርት እንዲያዞር ያድርጉና ቁጥሩን ይከታተሉ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያስይዙ፤ በመካከሉም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት፤ ሞተሪኖ ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ይቃጠላል።

ቁጥሩ ከ9.6 በታች ወርዶ ሞተሩ ካልዞረ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ሞተሪኖው ተይዞ ከልክ በላይ እየሳበ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ባትሪ ተበድሮ ሙከራውን መድገም ነው። ቁጥሩ 10.5 እና 11.5 መካከል ሆኖ ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ባትሪው የድርሻውን እየሰጠ፣ ኃይሉ ግን በመንገድ ላይ እየቀረ ነውና ደረጃ 5 ለዚህ ነው። ቁጥሩ ከ12 ሳይወርድ ሞተሩም ሳይዞር ከቀረ፣ ከባትሪው የወጣ ፍሰት ስለሌለ መስመሩ ከአንድ ቦታ ተቋርጧል፤ ደረጃ 6።

5. በካቦና በማሳ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ይለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ ብዙ ባትሪና ሞተሪኖም ያለ ጥፋቱ የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው በቀዩ ካቦ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ የሚመለሰው ደግሞ በሞተሩ ብረት፣ ከዚያም በማሳ ካቦው በኩል ነው። መመለሻው ካልተሟላ መሄጃው ብቻውን ምንም አይሠራም።

ሀ. የማሳውን መስመር ለመለካት ቀዩን ጫፍ በሞተሩ ላይ ባለ ንጹሕ፣ ቀለም ያልነካው ብረት ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያሳርፉ። ረዳትዎ ስታርት ሲያደርግ የሚያነቡት ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ማሳው ታሟል።

ለ. የቀዩን ካቦ መስመር ለመለካት ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ጥቁሩን በሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ካቦ በታሰረበት ብሎን ላይ አድርገው እንዲሁ ይለኩ። እዚህም ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። በሁለቱም ልኬቶች የመልቲሜትሩን ገመድ ከማራገቢያውና ከቀበቶው ያርቁ።

ሐ. ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኙት ጥቁሩን ጫፍ ባለበት ትተው ቀዩን በመስመሩ ላይ ከአንዱ ማያያዣ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ይለኩ። ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ማያያዣ በሽተኛው ነው።

«በኦም ለክቼው ደህና ነው ብሎኛል» የሚሉ አሉ። መልቲሜትር በኦም ሲለካ የሚልከው ፍሰት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከመቶ ክሮች አንድ ብቻ የቀረው ካቦም ጤነኛ መስሎ ይታያል። በ0.01 ኦም ተቃውሞ ላይ 150 አምፔር ሲያልፍ ግን 1.5 ቮልት ይጠፋል፤ 0.01 ኦምን ደግሞ የእኛ መልቲሜትር ጭራሽ አያየውም።

አንድ ቪትዝ ባትሪው ተቀይሮለት፣ ሞተሪኖውም ተቀይሮለት ሰኞ ገበያ አካባቢ ቆሞ አገኘሁት። ባትሪው ባረፈበት 12.7፣ ስታርት ሲደረግ 11.2 ያሳያል፤ ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ ተንገታግቶ ይቆማል። ማሳውን ስለካ 2.4 ቮልት አነበብሁ። ባትሪው ከሰጠው 11.2 ውስጥ 2.4 በመመለሻው ላይ ከቀረ ለሞተሪኖው የሚደርሰው ከ9 ቮልት በታች ነው። ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄደውን የማሳ ካቦ ብሎን ስፈታው ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት ሳይሆን የተስተካከለ ነጭ ቀለም ወጣ፤ መኪናው የፊት ጎኑ ተጠግኖ ቀለም ሲረጭ የማሳው ማረፊያ አብሮ ተቀብቶ፣ ካቦው በቀለሙ ላይ ታስሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ አጠበቅሁት፤ ልኬቱ 0.12 ሆነ፣ መኪናውም ተነሳ። ስለዚህ የአካል ጥገና ወይም ቀለም ያየ መኪና ከሆነ ማሳውን ከሁሉ አስቀድመው ይጠርጥሩ።

6. የማዘዣውን መስመር ይከተሉ

ሞተሪኖው ሁለት ዓይነት ሽቦ ይገባዋል፤ አንደኛው ኃይል የሚያመጣው ወፍራሙ ካቦ ሲሆን ሁለተኛው ከማስነሻ ቁልፉ ትእዛዝ የሚያመጣው፣ ብዙ ጊዜ 50 ወይም ኤስቲ የሚል ምልክት ያለበት ቀጭን ሽቦ ነው። ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን በዚህ ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያድርጉና ረዳትዎ ስታርት ያድርግ።

ከ10 ቮልት በላይ ካነበቡና ደረጃ 5 ደህና ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የሞተሪኖው የራሱ ነው። ረዳትዎ ስታርት እንደያዘ የሞተሪኖውን አካል በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው ይምቱት፤ በዚህ ጊዜ ከዞረ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው። ለዛሬ ጋራዥ ያደርስዎታል፤ ለነገ ግን አይመኑት። ካርቦን ብቻ ተቀይሮ የሚድን ሞተሪኖ ብዙ ስለሆነ ሙሉውን ከመግዛትዎ በፊት አስፈትተው ያሳዩ።

ምንም ካላነበቡ ትእዛዙ በመንገድ ላይ ቀርቷልና በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ።

አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ወደ ኤን ወስደው ይሞክሩ፤ በፒ እምቢ ብሎ በኤን ከተነሳ የማርሽ ቦታን የሚያሳየው ስዊች አርጅቷል። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ አንዳንዶቹ ያለዚያ አያዝዙም፤ ወፍራም ምንጣፍ ከሥር ተጣጥፎ ፔዳሉን ሲይዘውም አይቻለሁ። ቀጥሎ የፊውዝ ሳጥኑን ከፍተው የስታርተሩን ፊውዝ ያውጡና ሽቦው መቆረጡን ይመልከቱ። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ብርማ ወረቀት አይተኩ፤ ፊውዙ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። ከፍ ባለ አምፔር መተካትም ያው ነው።

ከዚያ ሪሌው ነው። ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ጣትዎን ሪሌው ላይ ያሳርፉ፤ «ቀጭ» የማይል ከሆነ በሳጥኑ ውስጥ ካለው የክላክስ ሪሌ ጋር ቅርጹና በላዩ የተጻፈው ቁጥር አንድ ከሆነ ቦታ ለውጠው ይሞክሩ። መኪናው ከተነሳና ክላክሱ ከጠፋ መልሱን አገኙ። ሪሌውን አውጥተው መለካት ቢፈልጉ በ85 እና በ86 እግሮች መካከል ከ50 እስከ 120 ኦም አካባቢ ሊነበብ ይገባል፤ ጭራሽ ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል። ሪሌው ጤነኛ ሆኖ ትእዛዝ ካልደረሰው የቀረው የማስነሻ ቁልፉ ስዊች ነው፤ ቁልፉን ሲነቀንቁት አልፎ አልፎ የሚሠራ ከሆነ ይህ ይረጋገጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሞተሪኖውን ሁለት ብሎን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። በዚህ መንገድ የማርሽና የፍሪሲዮን መከላከያው ሁሉ ይታለፋል፤ ማርሽ ውስጥ የቀረ መኪና ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ይሄዳል። አያድርጉት።

7. ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ቁልፉን ኦን ላይ አድርገው ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የቁልፍ ምስል ያለው መብራት የሚያብለጨልጭ ከሆነ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሌላኛውን ቁልፍ ይሞክሩ። የቼክ ኢንጂን መብራት በዚህ ጊዜ መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፑሉ ካልተቃጠለ በስተቀር የሞተሩ ኮምፒውተር ኃይል አላገኘም፤ ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝና ሪሌ፣ ከዚያም የኮምፒውተሩን ማሳ ይፈትሹ። ይህን ትንሽ ምልክት የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያሳጥረው ሥራ ግን ብዙ ነው።

ቤንዚን ከሆነ የኋላ ወንበር አጠገብ ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ፤ ብዙዎቹ ቁልፉ ኦን ሲሆን ወይም ስታርት ሲደረግ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ይላል። ካልሰሙ የፓምፑን ፊውዝና ሪሌ ይመልከቱ። የካንዴላ እሳት መኖሩን ገመዱን በእጅ ይዘው አይሞክሩ፤ ከቦቢናው የሚወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ባፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ ከሆነም እሳት ያስነሳል። መኪናው የቆመው ሞተሩ በውሃ በታጠበ ማግሥት ከሆነ መጀመሪያ የቦቢናውንና የሴንሰሮቹን ሶኬት ነቅለው ያድርቁ፤ ግቢ ውስጥ ለሳምንታት የቆመ ከሆነ ደግሞ አይጥ የበላችው ሽቦ ይፈልጉ።

ናፍታ ከሆነ በደሴ ብርድ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ካንዴሌታው፣ ማለትም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው ነው። የጠመዝማዛ ሽቦ ምስል ያለው መብራት እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ስታርት ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። ጠብቀውም ካልተነሳ የኃይል ማያያዣውን ፈትተው እያንዳንዱን ካንዴሌታ በጫፉና በሞተሩ ብረት መካከል በኦም ይለኩ፤ ጤነኛው ከ2 ኦም ያነሰ ሲያሳይ የተቆረጠው ምንም አያሳይም። በቀደሙት ሃይሉክሶች ላይ ደግሞ በናፍታ ፓምፑ ላይ ያለው የማቆሚያ ሶሌኖይድ ቁልፉ ኦን ሲሆን «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ካላለና 12 ቮልት እየደረሰው ከሆነ ናፍታውን የዘጋው እሱ ነው።

8. ከተነሳ በኋላ ዲናሞውን ይለኩ

ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት፤ የፊት መብራቱንና የመስታወት ማሞቂያውን ሲያበሩም ከ13.2 ባይወርድ። ከ12.6 በታች ከሆነ ዲናሞው አይሞላም፤ ቀበቶው መላላቱን፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሶኬት መግባቱንና የዲናሞው ፊውዝ መኖሩን ይመልከቱ። ከ15 ካለፈ ተቆጣጣሪው ተበላሽቷል፤ የባትሪውን ውሃ አፍልቶ ይጨርሰዋል።

ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መንቀል የድሮ ሙከራ ነው። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ በዚያ ቅጽበት የሚነሣው የቮልት ዝላይ ውድ ዕቃ ያቃጥላል።

ከፒያሳ ሆጤ፣ ከሆጤ ገበያ እያሉ አጭር አጭር ርቀት ብቻ የሚነዱ ከሆነ ዲናሞው ጤነኛ ሆኖም ባትሪው አይሞላም፤ ለማስነሳት የወጣው ሳይመለስ ሞተሩ ይጠፋልና። እንዲህ ላሉት በሳምንት አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ደርሶ መመለስ ወይም ሌሊት ቻርጀር ላይ ማሳደር ይጠቅማል። መኪናውን ቁልቁል አቁሞ ማደርና ጠዋት አንደርድሮ ማስነሳት ግን ጥፋቱን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም፤ አውቶማቲክ ደግሞ በዚህ አይነሳም።

9. ሌሊት ኃይል የሚሰርቀውን ይፈልጉ

ባትሪው ጤነኛ፣ ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ መኪናው ሁለት ሦስት ቀን ሲቆም የሚሞት ከሆነ ብቻ ይህን ይሥሩ። ሁሉንም አጥፍተው በሮቹን ይዝጉ፤ የሚሠሩበት በር ክፍት መሆን ካለበት የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍተው እንደተዘጋ ያስመስሉት። የመልቲሜትሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ያዛውሩ፤ የኔጋቲቩን ማሰሪያ ፈትተው መልቲሜትሩን በባትሪው ራስና በማሰሪያው መካከል ያስገቡ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ቁልፉን ወደ ስታርት አያዙሩ፤ የሞተሪኖው ፍሰት መልቲሜትሩን ያቃጥለዋል።

የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ 30 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። በመጀመሪያው ደቂቃ 1 ወይም 2 አምፔር አይተው የሚደነግጡ አሉ፤ ያ ገና ያልተኛ መኪና ነው። በመጨረሻ ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ለምሳሌ 0.5 አምፔር ከቀረ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይወጣል፤ 45 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው።

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ይከታተሉ፤ ሲወርድ የነቀሉት ፊውዝ የሚመግበው መስመር ሌባው ነው። የነቀሉትን እያስታወሱ በቦታው ይመልሱ፤ ሳይጀምሩ የሳጥኑን ፎቶ በስልክዎ ማንሳት ይረዳል። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ የዲናሞውን ገመድ ይጠርጥሩ፤ የተበላሸ ዳዮድ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለም ይስባል፤ ገመዱን ከመፍታትዎ በፊት ግን የባትሪውን ግንኙነት ያቋርጡ። ከፊውዝ ሳጥኑ ውጭ በቀጥታ ከባትሪው የተሳቡ ሽቦዎችንም አይርሱ። እኔ የማገኛቸው ሌቦች አብዛኞቹ ከፋብሪካው ጋር አልመጡም፤ በኋላ የተገጠመ ቴፕ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ ነው። ከራሱ ከመኪናው ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዕቃ መጫኛው አምፑል ነው፤ ክዳኑን ዘግተው ስለማያዩት፣ ስልክዎን ቪዲዮ እየቀዳ ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑን ይዝጉና ከፍተው ይመልከቱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋራዥ መሄድ ካለብዎ «አልነሳም አለኝ» ብለው አይጀምሩ። ያነበቧቸውን አራት ቁጥሮች፣ ማለትም ባረፈበት፣ በስታርት ጊዜ፣ በማሳው ላይ እና በ50 ቁጥር ሽቦ ላይ ያገኙትን ጽፈው ይስጡ።